በማንም ሰው የሚታረም የመረብ መዝገበ ዕውቀት ምን ያህል ይታመናል? ከጅማ ምሳሌዎች ጋር የቀረበ የማጣሪያ መመሪያ

የትምህርት ቤታችን የታሪክ ክበብ ስለ ጅማ ከተማ የግድግዳ ሰሌዳ ሲያዘጋጅ፣ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የተመሠረተበትን ዓመት የመሙላቱ ሥራ ለእኔ ደረሰኝ። ስልኬን አውጥቼ በእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ 1999 የሚለውን አየሁና «በ1999 ዓ.ም. ተመሠረተ» ብዬ በወፍራም ማርከር ጻፍኩ። ሰሌዳው ሁለት ሳምንት ያህል ተሰቅሎ ከቆየ በኋላ፣ የልጃቸውን ውጤት ሊጠይቁ የመጡ አንድ አባት ፊት ለፊቱ ቆመው አነበቡትና ወደ እኔ ዞሩ። «መምህር፣ እኔ እኮ ከዚህ ዩኒቨርሲቲ የተመረቅሁት በ1996 ነው፤ ሳይመሠረት ነው እንዴ ያስመረቀኝ?» አሉኝ።

ያነበብኩት ገጽ አልተሳሳተም ነበር። የቀድሞው የእርሻ ኮሌጅና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ተዋህደው ዩኒቨርሲቲው የቆመው በታኅሣሥ ወር ነው፤ ዓመቱም በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1999፣ በእኛ ደግሞ 1992 ነበር። ስህተቱ የእኔ ነው፤ ከሦስት ሰከንድ በላይ ገጹ ላይ አልቆየሁምና። ከዚያን ቀን ወዲህ ተማሪዎቼን ዊኪፔዲያ አትክፈቱ ማለቱን ትቼ፣ ከፍታችሁ እንዴት እንደምታጣሩ ልንገራችሁ ማለት ጀመርኩ። ከዚህ በታች የማቀርበው ያንኑ አሠራር ነው። ዓመተ ምሕረት ስል የኢትዮጵያን፣ እ.ኤ.አ. ስል የአውሮፓውያንን አቆጣጠር ማለቴ መሆኑ ከወዲሁ ይያዝልኝ።

አስቀድሞ መታወቅ ያለበት

ዊኪፔዲያ በጥር ወር 2001 እ.ኤ.አ. በጂሚ ዌልስና በላሪ ሳንገር ተጀመረ። ከእርሱ በፊት ሁለቱ ሰዎች ኑፔዲያ የተባለ ሌላ የመረብ መዝገበ ዕውቀት ጀምረው ነበር፤ በዚያ እያንዳንዱ መጣጥፍ በባለሙያዎች ተገምግሞ ካልጸደቀ አይወጣም ነበርና ሥራው ተንቀራፍፎ ጥቂት መጣጥፎችን ብቻ አፍርቶ ቀረ። ዊኪፔዲያ ቅደም ተከተሉን ገለበጠው፤ መጀመሪያ ይወጣል፣ ከዚያ ይገመገማል። የጥንካሬውም የድክመቱም ምክንያት ይኸው መገለባበጥ ነው፤ ግምገማው ከታተመ በኋላ የሚመጣ ከሆነ፣ ላይመጣም ይችላልና። ስለዚህ አንድን ገጽ ሲያነቡ «ይህን የጻፈው ማን ነው?» ከሚለው ይልቅ «ይህ ከተጻፈ በኋላ ማን አየው?» የሚለውን ቢጠይቁ ይበልጥ ይጠቅምዎታል። ቀጥሎ ያሉት እርምጃዎች ሁሉ ለዚህ ጥያቄ መልስ መፈለጊያ ናቸው።

«ዊኪፔዲያ ከታተመ ኢንሳይክሎፒዲያ አያንስም» የሚል ክርክር ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ኔቸር የተባለው የሳይንስ መጽሔት በ2005 እ.ኤ.አ. ያወጣው ንጽጽር ነው። መጽሔቱ በ42 የሳይንስ ርእሶች ላይ የተጻፉ የዊኪፔዲያና የብሪታኒካ መጣጥፎችን ለባለሙያዎች ሰጥቶ ሲያስመረምር፣ በዊኪፔዲያ በአማካይ ወደ 4፣ በብሪታኒካ ደግሞ ወደ 3 የሚጠጉ ስህተቶች በየመጣጥፉ ተገኙ። ብሪታኒካ የአሠራሩን ዘዴ አጥብቆ ተቃውሟል። ክርክሩን ለባለቤቶቹ ትተን እኛን የሚመለከተውን ብቻ እንያዝ፤ የተመረመረው የእንግሊዝኛው እትም ነው፣ ርእሶቹም የሳይንስ ናቸው። በጅማ ዞን ስላለ አንድ የጎማ ወረዳ ቀበሌ ወይም ስለ ጅሬን ነገሥታት የዘር ሐረግ የተጻፈ ገጽ በዚያ ውጤት ጥላ ሥር ሊጠለል አይችልም።

እርምጃ 1፦ የየትኛውን ቋንቋ እትም እንደከፈቱ ይለዩ

ብዙ ሰው የአማርኛው ዊኪፔዲያ የእንግሊዝኛው ትርጉም ይመስለዋል፤ አይደለም። እያንዳንዱ እትም የራሱ ጸሐፊዎች፣ የራሱ አስተዳዳሪዎችና የራሱ ልማድ ያለው ለብቻው የቆመ ሥራ ነው። የእንግሊዝኛው ከ6 ሚሊዮን በላይ መጣጥፎች ሲኖሩት፣ የአማርኛው ወደ 15 ሺህ ገደማ አለው፤ የአፋን ኦሮሞው ደግሞ ከዚህም ያነሰ ነው። ዋናው ልዩነት ግን የመጣጥፉ ብዛት ሳይሆን የሚጠብቀው ሰው ብዛት ነው። በእንግሊዝኛው አንድ ሰው ስድብ ቢጽፍ ለዚሁ ተብለው የተሠሩ ሮቦት ፕሮግራሞች ብዙ ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ያጠፉታል፤ በትንንሾቹ እትሞች ግን የተሳሳተ ዓመት ለብዙ ጊዜ ማንም ሳይነካው ሊቀመጥ ይችላል።

ጥቂት ጠባቂ ያለው እትም ምን ሊደርስበት እንደሚችል ሁለት የታወቁ ታሪኮች ያሳዩናል። በስኮትላንድ የሚነገረው የስኮትስ ቋንቋ እትም በ2020 እ.ኤ.አ. ሲፈተሽ፣ ከመጣጥፎቹ ከ20 ሺህ በላይ የሚሆኑት ቋንቋውን በቅጡ በማያውቅ አንድ አሜሪካዊ ወጣት የተጻፉ ሆነው ተገኙ፤ ልጁ ክፋት አልነበረውም፣ ለዓመታት «ይህ ቋንቋችን አይደለም» ብሎ የሚያስቆመው ሰው ነው የታጣው። በክሮኤሽያኛው እትም የሆነው ይከፋል፤ ጥቂት አስተዳዳሪዎች ተባብረው ታሪክን ወደ አንድ ፖለቲካዊ ወገን አዘንብለው ለዓመታት ይዘውት እንደኖሩ፣ ዊኪፔዲያን የሚያስተዳድረው ዊኪሚዲያ ፋውንዴሽን ራሱ በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምገማ አምኗል። ስለዚህ የሚቻልዎ ከሆነ አንዱን ርእስ ቢያንስ በሁለት ቋንቋ ይክፈቱ። ጅማ ላይ ያለ ሰው በዚህ ረገድ ዕድለኛ ነው፤ አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞና እንግሊዝኛ የሚያነብ ተማሪ በአንድ ክፍል ውስጥ ብዙ ነው። ሦስቱ እትሞች ሲለያዩ፣ የተለያዩበት ነጥብ ማጣሪያዎን የሚጀምሩበት ቦታ ይሆናል።

እርምጃ 2፦ ርእሱ እርስዎ የፈለጉት መሆኑን ያረጋግጡ

ይህ እርምጃ አጭር ቢሆንም ብዙ ስህተት የሚወለደው እዚህ ነው። «ጅማ» ብለው ሲፈልጉ ከተማው፣ ዞኑ፣ ወይም የቀድሞው የጅማ መንግሥት ሊመጣልዎ ይችላል፤ በወለጋ በኩል ደግሞ ጅማ አርጆና ጅማ ራሬ አሉ። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የከተማው ነዋሪ 120,960 ሲሆን፣ የዞኑ ሕዝብ 2.5 ሚሊዮን ገደማ ነበር፤ አንዱን በሌላው ቦታ መጻፍ ሃያ እጥፍ መሳሳት ነው። አባ ጅፋርም ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው ከ1830 ገደማ እ.ኤ.አ. ጀምሮ መንግሥቱን ያቆሙት ሲሆኑ፣ የጅሬኑ ቤተ መንግሥት የሚታወቀው ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. በነገሡት በዳግማዊ አባ ጅፋር ነው። በተጨማሪም በቀድሞው አስተዳደር ጅማ የከፋ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ስለነበረች፣ በቆየ ጽሑፍ ውስጥ «ከፋ» የሚለው ቃል አንዳንዴ ጅማን ጨምሮ ሰፊውን ክፍለ ሀገር፣ አንዳንዴ ደግሞ በ1897 እ.ኤ.አ. በመጨረሻው ንጉሥ በጋኪ ሸሮቾ መያዝ ያበቃውን፣ ከጅማ የተለየውን የከፋ መንግሥት ያመለክታል። የመጣጥፉን የመጀመሪያ አንቀጽ ቀስ ብሎ ማንበብ ከዚህ ሁሉ መደበላለቅ ያድናል።

እርምጃ 3፦ ከገጹ ራስ ላይ ያሉትን ምልክቶች ይመልከቱ

በእንግሊዝኛው እትም ከገጹ በላይ ቀኝ ጥግ የነሐስ ቀለም ያለው ኮከብ ካለ፣ መጣጥፉ በአርታኢዎች ጥብቅ ግምገማ አልፎ የተመረጠ ነው፤ በአረንጓዴ ክብ ውስጥ ያለ የመደመር ምልክት ደግሞ ከዚያ ዝቅ ያለ፣ ግን በጎ የሆነ ደረጃን ያመለክታል። ልብ ይበሉ፤ ኮከቡ የተሰጠው በተገመገመበት ቀን ለነበረው ጽሑፍ ነው፣ ከዚያ ወዲህ ለተጨመረው ዋስ አይሆንም።

የቁልፍ ምልክት ሲያዩ «ተቆልፏልና ትክክል ነው» ብለው አይደምድሙ። ቁልፍ የሚደረገው ጠብ ስላለ ነው። ግራጫው ቁልፍ አዲስ አካውንት ያለው ሰው እንዳያርም ይከለክላል፤ ለማረም አካውንቱ ቢያንስ 4 ቀን የሞላውና 10 እርማት ያደረገ መሆን አለበት። ሰማያዊው ደግሞ 30 ቀንና 500 እርማት ይጠይቃል። ጦርነትን፣ ድንበርንና ብሔርን የሚመለከቱ ገጾች ላይ ሰማያዊውን ቁልፍ በብዛት ያገኙታል፤ በዚያ ሲደርሱ ቀጣዮቹን እርምጃዎች በእጥፍ ጥንቃቄ ይከተሉ።

ብርቱካንማ ወይም ቢጫ መስመር ያለባቸው ሳጥኖች «ምንጭ ያንሰዋል»፣ «ሚዛናዊ አይደለም»፣ «እንደ ማስታወቂያ ነው» የሚሉ ማስጠንቀቂያዎች ናቸው። እኔ በግሌ እነዚህን ሳጥኖች እወዳቸዋለሁ፤ ቢያንስ አንድ ሰው ገጹን በጥርጣሬ ዓይን እንዳየው ይነግሩኛልና። ይበልጥ የሚያሳስበኝ ምንም ምልክት፣ ምንም ሳጥን፣ ምንም የግርጌ ማስታወሻ የሌለው ንጹሕ የሚመስል ገጽ ነው።

እርምጃ 4፦ የለውጦችን ታሪክ ያንብቡ

እያንዳንዱ ገጽ ከተፈጠረበት ሰዓት ጀምሮ የተደረገበትን ለውጥ ሁሉ የሚያሳይ የታሪክ ገጽ አለው። በኮምፒውተር ከሆነ ከላይ በኩል፣ በስልክ ከሆነ ግን ወደ ገጹ ግርጌ ወርደው መጨረሻ የታረመበትን ጊዜ የምትገልጸውን መስመር ሲነኩ ያገኙታል። ይህ ገጽ ፎቶ ስለሌለው ብዙ ዳታ አይበላም፤ በካርድ ለሚጠቀም ተማሪ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

እያንዳንዱ መስመር የእርማቱን ሰዓት፣ የአራሚውን ስም፣ ጽሑፉ በስንት እንደጨመረ ወይም እንደቀነሰ የሚያሳይ ቁጥርና አራሚው የተወውን አጭር ማብራሪያ ይዟል። የጨመረው በአረንጓዴ፣ የቀነሰው በቀይ ይታያል። ሰዓቱ የግሪንዊች መስፈርትን የተከተለ ስለሆነ የእኛን ለማግኘት ሦስት ሰዓት ይጨምሩ፤ ከዚያ ደግሞ ወደ ሀገራችን አቆጣጠር ይመልሱት።

ምን ይፈልጉ? በመጀመሪያ፣ ስንት የተለያዩ ሰዎች ገጹን እንደነኩት ይቁጠሩ። አንድ ሰው ጽፎት ሌሎቹ እርማቶች ሁሉ በሮቦት የተደረጉ ነጠላ ሰረዝ ማስተካከያዎች ከሆኑ፣ ያ ገጽ በተግባር የአንድ ሰው ድርሰት ነው። ቀጥሎ፣ እርስዎ ባነበቡበት ሰሞን ድንገት የተከማቹ እርማቶች ካሉ ምክንያቱን ያስቡ፤ ምርጫ፣ ሞት ወይም ግጭት በዜና ከተሰማ በኋላ ገጾች ይናወጣሉ። በመጨረሻም የሚጠራጠሩትን ዓረፍተ ነገር ያስገባው ማን እንደሆነ ለማግኘት፣ ከታሪኩ ሁለት ቀኖችን መርጠው «አነጻጽር» የሚለውን ይጫኑ፤ ልዩነቱ በቀለም ተለይቶ ጎን ለጎን ይቀርብልዎታል። ዓረፍተ ነገሩ በአንዱ ኖሮ በሌላው ከሌለ፣ በመካከላቸው ያለውን ጊዜ እያጠበቡ ይሂዱ፤ ከአምስትና ከስድስት ሙከራ በኋላ የገባበት ቀን ላይ ይደርሳሉ።

ስድብና ቧልት ቶሎ ስለሚታይ ቶሎ ይነሳል። የሚቆየው ድምፅ የሌለው ስህተት ነው። ከላይ የጠቀስኩትን 120,960 አንድ ሰው 129,060 ቢያደርገው ማን ይደነግጣል? ቁጥሩ ቁጥር ይመስላል፣ የግርጌ ማስታወሻውም በቦታው አለ፤ የታሪክ ገጹ ላይ የሚያዩት የመጠን ለውጥ ደግሞ ዜሮ ነው፤ ሁለት አኃዞች ቦታ ቢለዋወጡ ጽሑፉ አይረዝም፣ አያጥርምና። ስለዚህ ቁጥር ባለበት ገጽ፣ ዜሮ የሚያሳዩትንና ማብራሪያ የሌላቸውን መስመሮች አይለፏቸው።

በሰው ላይ የተጻፈ የሐሰት ነገር ምን ያህል ሊቆይ እንደሚችል የሚያሳየው ታላቁ ምሳሌ የአሜሪካዊው ጋዜጠኛ የጆን ሲገንታለር ነው። በግንቦት 2005 እ.ኤ.አ. ማንነቱ ያልታወቀ ሰው፣ ሲገንታለር በፕሬዚዳንት ኬኔዲና በወንድማቸው ግድያ ተጠርጥሮ እንደነበር የሚል ፈጠራ ጻፈ፤ ጽሑፉ ከአራት ወር በላይ ሳይነካ ቆየ። ቅሌቱ ከተሰማ በኋላ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር፣ ያልተመዘገበ ሰው በእንግሊዝኛው እትም አዲስ ገጽ እንዳይፈጥር ተከለከለ። በሕይወት ስላለ ሰው የሚጽፉ ከሆነ ይህን ታሪክ አይርሱት፤ ገጹ ላይ ያዩትን ክስ ወይም ነቀፋ ከምንጩ ሳያረጋግጡ ለሌላ ሰው አያስተላልፉ።

እርምጃ 5፦ የውይይት ገጹን ይክፈቱ

ከመጣጥፉ ጀርባ አርታኢዎች የሚከራከሩበት የውይይት ገጽ አለ። ረጅም ክርክር ካለበት፣ በመጣጥፉ ውስጥ ለስለስ ብሎ የቀረበው ዓረፍተ ነገር ከስንት ሽኩቻ በኋላ እንደተገኘ ይረዳሉ፤ የተነሱትን ተቃውሞዎችና የቀረቡትን መጻሕፍት ስም እዚያው ስለሚያገኙ ለጥናት ወረቀት እንደ ፍንጭ ያገለግላል። ባዶ ከሆነ ግን «ሁሉም ተስማምቷል» ማለት ላይሆን ይችላል፤ ብዙውን ጊዜ ማንም አልመጣም ማለት ነው።

እርምጃ 6፦ የግርጌ ማስታወሻውን ተከትለው ይሂዱ

ከሁሉም የበለጠ ጊዜ ሊሰጡት የሚገባው ይህ ነው። የዊኪፔዲያ ሕግ አርታኢው የራሱን ጥናት ወይም ግኝት እንዲጽፍ አይፈቅድም፤ የሚጻፈው ሁሉ ቀድሞ በታመነ ቦታ የታተመና ሊረጋገጥ የሚችል መሆን አለበት። እንግዲህ ገጹ ራሱ ምስክር ሳይሆን ምስክሮችን የሚጠራ ሰው ነው፤ የሚመዘነውም በጠራቸው ምስክሮች ነው። ከአንድ ቃል ጎን «ምንጭ ያስፈልጋል» የሚል ምልክት ካለ ምስክር አልተጠራም ማለት ነውና ያን ዓረፍተ ነገር ለጊዜው ወደ ጎን ያድርጉት።

ከዓረፍተ ነገሩ ጎን ያለችውን ትንሽ ቁጥር ተጭነው ወደ ግርጌ ሲወርዱ፣ መጀመሪያ ምንጩ ምን ዓይነት እንደሆነ ይዩ፤ የታተመ መጽሐፍ፣ የመንግሥት ሪፖርት፣ ጋዜጣ፣ የአስጎብኚ ድርጅት ማስታወቂያ ወይስ የግለሰብ ገጽ? ከዚያ ሊንኩን ከፍተው ዓረፍተ ነገሩ በእርግጥ እዚያ እንዳለ ይፈልጉ። ብዙ ጊዜ ምንጩ አለ፣ ግን የሚለው ሌላ ነው፤ ምንጩ «እንደሚባለው» ያለውን መጣጥፉ «ነው» ብሎት ያገኙታል። ሊንኩ የማይከፈት ከሆነ ተስፋ አይቁረጡ፤ አድራሻውን ገልብጠው ዌይባክ ማሺን በተባለው የመረብ ማኅደር ላይ ቢያስገቡት የቆየውን ቅጂ ሊያገኙ ይችላሉ።

አሁን አንድ ምሳሌ እስከ መጨረሻው እንከተል። ቡና የተገኘው ካልዲ በተባለ ፍየል ጠባቂ ነው፣ ዘመኑም በዘጠነኛው ክፍለ ዘመን፣ አንዳንዶች እንደሚሉት በ850 ገደማ ነው የሚል ዓረፍተ ነገር በየድረ ገጹ ሞልቷል። የግርጌ ማስታወሻ ካለው ይጫኑት። አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሱት የአንድ ቡና ሻጭ ኩባንያ ገጽ ላይ ነው፤ ያ ገጽ ደግሞ ምንጭ አይጠቅስም፣ ወይም የመረብ መዝገበ ዕውቀትን ይጠቅሳል። ወደ ኋላ እየተጓዙ ሲሄዱ ግን በአውሮፓ ታትሞ ቀድሞ የሚታወቀውን ታሪክ በ1671 እ.ኤ.አ. በሮም በላቲን በወጣው በፋውስቶስ ናይሮን ጽሑፍ ውስጥ ያገኛሉ። በዚያ ጽሑፍ እረኛው ስም የለውም፣ ሀገሩም የየመን ምድር ነው። ካልዲ የሚለው ስም የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ይህ ማለት ቡና የእኛ አይደለም ማለት አይደለም፤ የአረቢካ ቡና የዱር መገኛው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን መሆኑ በሥነ ሕይወት ጥናት የተመሠረተ ነው። ቡና የተገኘው በጮጬ ነው የሚለው የጎማ ሰውም ሆነ በማንኪራ ነው የሚለው የቦንጋ ሰው ስለ እረኛው የሚነገረውን ተረት ከደኑ ታሪክ ለይቶ ማየት ይችላል። መጣጥፉ «እንደ አፈ ታሪኩ» ካለ በትክክል ጽፏል፤ ስምና ዓመት ጨምሮ እንደ ተመዘገበ ክስተት ካቀረበው ግን ምስክር ሳይኖረው ፈርዷል።

ከዚህ ጋር የተያያዘ አንድ ወጥመድ አለ፤ እኔ «የክብ ምስክርነት» እለዋለሁ። በ2008 እ.ኤ.አ. አንድ አሜሪካዊ ተማሪ ኮአቲ ስለተባለው የደቡብ አሜሪካ እንስሳ በተጻፈው ገጽ ላይ «የብራዚል አርድቫርክ» የሚል የራሱን ፈጠራ ቅጽል ስም ለቀልድ ጨመረ። ስሙ ሳይነሳ ቀረ፤ ጋዜጦች ከዊኪፔዲያ ወስደው ጻፉት፣ ከዚያ ዊኪፔዲያ ጋዜጦቹን እንደ ምንጭ ጠቀሰ። ቀልዱ ራሱን በራሱ አረጋገጠ። ይህን ለመለየት የሚያስችለው መንገድ ቀን ማወዳደር ነው፤ በእርምጃ 4 ባገኙት ዘዴ ዓረፍተ ነገሩ ወደ ገጹ የገባበትን ቀን ይያዙና ከምንጩ የኅትመት ቀን ጋር ያስተያዩ። ምንጩ ከዓረፍተ ነገሩ በኋላ የታተመ ከሆነ፣ ከዚያው ገጽ አልቀዳም ብሎ መማል አይቻልም።

በዚሁ ምክንያት፣ ጉግል ላይ የሚታየው ሳጥንም ሆነ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራሞች የሚሰጡት መልስ እንደ ሁለተኛ ምስክር አይቆጠርም። ከዊኪፔዲያ ስለሚወስዱ ወይም በዊኪፔዲያ ጽሑፍ ስለሠለጠኑ፣ አንዱን ሰው ሁለት ጊዜ እንደመጠየቅ ነው።

እርምጃ 7፦ ዓመቱን በሁለቱም አቆጣጠር ይፈትሹ

የእኔ ጥፋት የተፈጠረው እዚህ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ ወር አጋማሽ አልፎ የአውሮፓውያን ዓመት እስኪለወጥ ድረስ ልዩነቱ 7 ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ዓመት ይሆናል። ወሩ ካልታወቀ አንዱን ዓመት ወደ ሌላው በእርግጠኝነት መለወጥ አይቻልም፤ ስለዚህ ወር የሌለው ዓመት ሲያገኙ በሁለት ዓመት መካከል ይጻፉት፣ ለምሳሌ «1924/25 ዓ.ም.» ተብሎ።

1999 የሚለው ቁጥር በጅማ ጉዳይ ላይ የሚያደርገውን ይመልከቱ። በአውሮፓውያኑ ከሆነ የዩኒቨርሲቲው መመሥረቻ ነው። በእኛ ከሆነ የሕዝብ ቆጠራው ዓመት ነው፤ ያው ቆጠራ በእንግሊዝኛ ጽሑፎች ሁሉ የ2007 ቆጠራ እየተባለ ይጠራል። እንግዲህ «የ2007 ቆጠራ» የሚለውን ሳይለውጡ ወደ አማርኛ የገለበጡ ጽሑፎች፣ አንባቢው በ2007 ዓ.ም. ሌላ ቆጠራ የተደረገ አድርጎ እንዲያስብ ያደርጉታል፤ ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ ግን ሀገር አቀፍ የሕዝብ ቆጠራ አልተደረገም። ስለዚህ ከዚያ ወዲህ ያለ የጅማ ሕዝብ ቁጥር ሲያዩ፣ ግምታዊ ትንበያ መሆኑን ይወቁና ገጹ «ቆጠራ» ብሎት እንደሆነ ምልክት ያድርጉበት።

የስም አጻጻፍም የዚሁ ዘመድ ነው። ጅማ በላቲን ፊደል አንዳንዴ በአንድ ኤም፣ አንዳንዴ በሁለት ይጻፋል፤ ጣሊያኖች በጂ፣ ሌሎች የቆዩ ጸሐፊዎች ደግሞ በዲ ይጀምሩታል። አንድ ምንጭ «አልተገኘም» ከማለትዎ በፊት ሁሉንም ሞክረው ይፈልጉ።

እርምጃ 8፦ ከመረቡ ወጥተው ያመሳክሩ

ለቁጥር የቆጠራውን ዋና ሪፖርት፣ ለኢትዮጵያ ታሪክና ባህል በአምስት ቅጽ የታተመውን ኢንሳይክሎፒዲያ ኢትዮፒካን ይመልከቱ፤ ኢትዮፒካ በየመጣጥፉ ሥር የጸሐፊውን ስም ስለሚያስቀምጥ ማን እንደተናገረ ያውቃሉ። ለአባ ጅፋር ዘመን ዕቃዎች የከተማው ሙዚየም አለ፤ ጅሬንም ከመሀል ከተማ ሩቅ አይደለም።

በዚህ እርምጃ ላይ አንድ ቅሬታዬን ልጨምር። የታተመ ምንጭ ካልተጠቀሰ አይጻፍም የሚለው ሕግ ሐሰትን ይከላከላል፤ ነገር ግን የጅሬን ሽማግሌ ቁጭ ብለው የሚተርኩት ታሪክ አልታተመምና ለገጹ እንዳልነበረ ይቆጠራል። በዚህ የተነሳ ስለ አካባቢያችን ያሉ ገጾች የተሞሉት በአብዛኛው መንገደኞችና የውጭ አጥኚዎች በጻፉት ነው። ስለዚህ ገጹ የሚለው እውነት መሆኑን ሲያጣሩ፣ ያላለው ምን እንደሆነም ይጠይቁ፤ ለትምህርት ቤት ጥናት ከሆነ ሽማግሌውን ጠይቀው፣ የተናገሩትን ከነቀኑና ከነቦታው መዝግበው መጠቀም ለእርስዎ የተከለከለ አይደለም።

መድኃኒትን፣ የመድኃኒት መጠንንና ሕግን በሚመለከት ግን ማመሳከሩም አይበቃም፤ በቀጥታ ወደ ባለሙያው ይሂዱ።

እርምጃ 9፦ ሲጠቅሱና ሲያርሙ

በጥናት ወረቀት ላይ ዊኪፔዲያን በምንጭነት አይጥቀሱ፤ በእርምጃ 6 ያገኙትንና በዓይንዎ ያነበቡትን ምንጭ ይጥቀሱ። ያላነበቡትን መጽሐፍ ከግርጌ ማስታወሻው ገልብጦ መጻፍ ደግሞ ከዚያ የባሰ ነው። ስለ ገጹ ራሱ የሚጽፉ ከሆነ፣ ከመሣሪያዎቹ ዝርዝር ውስጥ ቋሚ ሊንክ የሚለውን ይምረጡ፤ ያ ሊንክ እርስዎ ያነበቡትን እትም ብቻ ስለሚያሳይ፣ ነገ ገጹ ቢለወጥም መምህርዎ እርስዎ ያዩትን ያያል።

ስህተት ካገኙ ያርሙት፤ ለዚህ የማንም ፈቃድ አያስፈልግም። አካውንት ይክፈቱ፣ አንዱን ስህተት ብቻ ያስተካክሉ፣ ምንጩን ከነገጽ ቁጥሩ ያስገቡ፣ በማብራሪያው ሳጥን ውስጥም ምክንያትዎን በአንድ መስመር ይጻፉ፤ «ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነበር፣ በቆጠራው ሪፖርት መሠረት ወደ አውሮፓውያን ተለውጧል» ዓይነት ቢሆን ይበቃል። ስለራስዎ፣ ስለ መሥሪያ ቤትዎ ወይም ስለ ቤተሰብዎ በሚናገር ገጽ ላይ ግን በቀጥታ አያርሙ፤ በውይይት ገጹ ላይ ጥቅምዎን ገልጸው ሌላ ሰው እንዲያርመው ይጠይቁ።

እርማትዎ ተመልሶ ቢሻር አይቆጡ፣ ደጋግመውም አይመልሱት፤ በእንግሊዝኛው እትም በ24 ሰዓት ውስጥ በአንድ ገጽ ላይ ከሦስት ጊዜ በላይ የሌላን ሰው ሥራ የሻረ ሰው ሊታገድ ይችላል። ወደ ውይይት ገጹ ሄደው ምንጭዎን ያስቀምጡ፣ የሻረውን ሰው በስሙ ጠርተው ምክንያቱን ይጠይቁና ጥቂት ቀናት ይጠብቁ። በአማርኛው እትም መልሱ ሊዘገይ ስለሚችል፣ በየሳምንቱ አንዴ ብቅ እያሉ ይዩት።